ነርሷን ማን ፈቅዶለት አዳናት?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ አንባቢ የወደደውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ በራሱ ድርሰት ውስጥ እንደ አዲስ መጻፉ፣ ማለትም ፋን ፊክሽን የሚባለው፣ ለገጸ ባሕርዩ ክብር ነው ወይስ በደል? ተከራካሪዎቹ አንዲት የልብ ወለድ ደራሲና አንድ የፋን ፊክሽን ጸሐፊ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደራሲዋ፦

በደል ነው። ሌላም ስም ነበረው፤ ለጨዋነት ስል ተውኩት።

በልብ ወለዴ ውስጥ አንዲት ነርስ አለች። ወረርሽኝ በገባበት ክፍል የቀረውን አንድ ጓንት ለሌላ ሴት ሰጥታ ትገባለች፣ ትሞታለች። የገደልኳት ጨክኜ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንዲያ ያለች ሴት ስለሆነች ነው። አንድ አንባቢ ተነሥቶ አዳናት። ማዳኑ አልበቃ ብሎት ለሐኪሙ ዳራት! ዐይኑን ማየት ለማትፈልገው ሰውዬ!

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1681 ናሁም ቴት የተባለ ሰው የሼክስፒርን «ኪንግ ሊር» አቃናሁ ብሎ፣ በመጨረሻው የምትሞተውን የንጉሥ ሊርን ልጅ ኮርዴልያን ከሞት አተረፈ፣ ኤድጋር ለተባለው መኰንን ልጅ ዳረ፣ ሊርንም ዙፋኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ያ የተለሳለሰ ተውኔት ለ150 ዓመት ገደማ የእንግሊዝን መድረክ ያዘ። ስንቱ ተመልካች የሼክስፒርን መጨረሻ ሳያይ አርጅቶ ሞተ።

ገጸ ባሕርይ የደራሲው ልጅ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ ስለወደዱት ብቻ አንሥተው አይሄዱም።

የፋን ፊክሽን ጸሐፊው፦

ልጅ አሉ? እንግዲያው ስለ አባቶች እናውራ። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ልጁን፣ መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን፣ በ1893 ፏፏቴ ውስጥ ጥሎ ገደለው፤ ምክንያቱ ስለሰለቸው ነው። በ1903 ደግሞ አልሞተም ብሎ አስነሣው። በመሐል ተዋናዩ ዊልያም ጊሌት ታሪኩን ለመድረክ ሲያሰናዳ፣ ሆምስን ሚስት ላጋባው ወይ ብሎ ጠየቀ። የአባትየው መልስ፣ አጋባውም ግደለውም፣ የፈለግኸውን አድርገው የሚል ነበር። የእርስዎ ሕግ ለዶይል አልደረሰውም መሰለኝ።

ደግሞ እኛን ስድ አድርገው ሳሉን። በእኛ ዘንድ ከሁሉ የከፋው ወቀሳ «ይቺ እሷ አይደለችም» የሚለው ነው። ገጸ ባሕርይዋ የማትለውን ያስባለ ጸሐፊ ከአንባቢዎቹ የሚደርስበትን ቢያዩ ያዝኑለት ነበር። በ1973 «ስታር ትሬክ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አፍቃሪዎች በራሳቸው መጽሔት ላይ ሜሪ ሱ የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ተኩል መቶ አለቃ ፈጥረው፣ ራሷን በታሪኩ ውስጥ አዋቂና ቆንጆ አድርጋ የምትጽፈውን ጀማሪ ሁሉ ሣቁባት። ተቺ ከውጭ አላስፈለገንም። እንዲያውም ገጸ ባሕርዩን ከደራሲው ይበልጥ የምናውቀው እኛ ነን፤ ደራሲው ጽፎ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፣ እኛ እየደጋገምን እናነባለን።

ደራሲዋ፦

«ከደራሲው ይበልጥ!» ይህን ዓረፍተ ነገር ቆርጬ ላስቀምጠው ነው። ነርሷ በልጅነቷ ማንን እንደቀበረች ያውቃሉ? አያውቁም፤ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌ ያወጣሁት ነገር ነው። ለምን በግራ እጇ በር እንደምትከፍትስ? እየደጋገሙ አንብበዋል ብዬ ነው የምጠይቀው።

የስፔኑ ደራሲ ሴርቫንቴስ ልብ ወለዱን «ዶን ኪኾቴን» ገና ሳይጨርስ አቬላኔዳ በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ ሰው በ1614 ሁለተኛውን ክፍል ቀድሞ አወጣበት። እሱም ከደራሲው ይበልጥ አውቃለሁ ባይ ነበር። ሴርቫንቴስ በ1615 ባወጣው በእውነተኛው ሁለተኛ ክፍል፣ ዶን ኪኾቴ የሐሰቱን መጽሐፍ ሰምቶ፣ ወደ ሳራጎሳ ሊሄድ ያሰበውን መንገድ ለውጦ ወደ ባርሴሎና እንዲሄድ አደረገው። በመጨረሻም ገደለው። ለምን ቢሉ፣ ማንም ዳግመኛ እንዳያስነሣው ነው፤ በመቅድሙ ላይ ራሱ ተናግሮታል።

የፋን ፊክሽን ጸሐፊው፦

ያወጡትን ምዕራፍ እንዴት አድርጌ ላንብበው? አንባቢ እጅ ያልገባ ገጽ ማስረጃ አይሆንም። ስለ ዶይል ግን ዝም ማለትዎን አስተውያለሁ።

ወደ እናቶች እንምጣ። ቻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባወጣችው «ጄን ኤር» በተባለው ልብ ወለዷ አንዲት ሴት ሰገነት ላይ ቆልፋ፣ እብድ ብላ፣ ቤት አስቃጥላ፣ ከጣሪያ አስዘልላ ገደለቻት። ልጇ ነበረች፣ በእርስዎ አነጋገር። በ1966 ደራሲዋ ጂን ሪስ ያችኑ ሴት በራሷ ልብ ወለድ አንሥታ በካሪቢያን ደሴት ልጅነት ሰጠቻት፣ አንደበት ሰጠቻት፣ አንትዋኔት የሚል ስምም ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ ያ ሰገነት ለስንቶቻችን እንደ ድሮው ሆኖ ታየን? ይህ በደል ከሆነ በደሉ ይብዛልን።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ነርሷ ለሐኪሙ ተዳረች ያሉት የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?

ደራሲዋ፦

የትኛውም ላይ ይሁን። አላነበብኩትም፣ አላነበውምም። ነገሩኝ፤ ይበቃኛል።

ጂን ሪስን ደግሞ እባክህ አትንካብኝ። እሷ መጽሐፏን በራሷ ርዕስ፣ በራሷ ስም አወጣች። «እውነተኛዋ ጄን ኤር ይቺ ናት» አላለችም። ነርሷን ያዳነው ያንተ ወዳጅ ለድርሰቱ የሰጠው ርዕስ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? «እውነተኛው ፍጻሜ»። እውነተኛው! የኔ እንግዲህ የውሸቱ ነው ማለት ነው። መጻፉን ይጻፍ፣ ማን ከለከለው? እኔን ያንገበገበኝ ይህቺ ቃል ናት።

የፋን ፊክሽን ጸሐፊው፦

መጻፉን ይጻፍ ካሉማ የተከራከርንበት ነገር አልቋል፤ አሁን ያለነው ርዕስ ላይ ነው። «አንተ» ማለትዎንም እንደ ዝምድና ቆጥሬዋለሁ።

ርዕሱን አልከላከልም። የእኛ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ገና ከመነሻው «አማራጭ ዓለም» ወይም «እዚህ ላይ አልሞተችም» ብለው ያስታውቃሉ፤ እሱም እንዲያ ማድረግ ነበረበት። ሠርግ ግን የለም። የነገርዎት ሰው ራሱ አላነበበውም። ሐኪሙ ይጠይቃታል፣ እሷ እምቢ ትላለች። ከዚያ በፊት አንድ ምዕራፍ አለ፤ ጓንቱን የወሰደችው ሴት ልታመሰግናት ትመጣለች፣ ነርሷ ከውስጥ በሩን ዘግታ አልከፍትም ትላለች። ሞታ ብትቀር ደግ ሆና ትቀር ነበር። በመትረፏ ግን የሰጠችው ነገር ይቆጫት እንደሆነ ልትጠየቅ ግድ ሆነ። እርስዎ ይህን ጥያቄ በሞት ዘጉት። ለዚህ መልስ ካለዎት እሰማለሁ።

ደራሲዋ፦

በሩን በየትኛው እጇ ነው የዘጋችው?

ለዚያችኛዋ ሴት ደግሞ እኔ ስም አልሰጠኋትም ነበር። ምን ብሎ ጠራት? ክስ ለመጻፍ ስለሚያስፈልገኝ ነው የምጠይቀው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።