የከንፈር ሸክላና አረንጓዴ ሱፍ

ቅዳሜ ጀበና ቡና ላይ ነው ነገሩ የተነሳው። አኒሜሽን የሚሰራው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ብላክ ፓንተር የሚባለው ፊልም ላይ ያለችውን የምናብ የአፍሪካ አገር ዋካንዳን እያሳየን "ቅኝ ግዛት ያልነካት አፍሪካ ምን ትመስል ነበር ብለው ነው እኮ የሰሩት፣ እኛ ስለወደፊት ስናስብ ለምን ዱባይ ብቻ ነው ትዝ የሚለን?" አለ። ጥያቄው አሪፍ ነበር፣ ግን አጠገቡ ያለው ሰውዬ ቱሪስት ይዞ ጂንካ ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነውና ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን በጣቱ አጎላው፤ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ፣ ከንፈሩ ላይ ሸክላ ያደረገ የምክር ቤት ሽማግሌ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ከሙርሲና ከሱርማ የተወሰደ ነዋ!"

"የኔ ወንድም፣ እዛ ሸክላ የሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው!"

ሳቃችንን ለቀቅነው። ልጁ ግን ወይ ፍንክች፣ "ጋሼ ፊልም ነው እኮ፣ ወደፊት ወንዱም ያደርግ ይሆናላ" አለ። ሹፌሩ ደግሞ "እኛ ለአንድ ፎቶ እንኳን መጀመሪያ በዋጋ ተስማምተን ነው፣ እነዚህ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አግኝተውበት አንዴ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?"

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ሲሰማ የነበረው ነጋዴ ገባ። ኤኮን፣ ዘፋኙ፣ ሴኔጋል ምቦዲየን የሚባል መንደር አጠገብ በ6 ቢሊዮን ዶላር የእውን ዋካንዳ እገነባለሁ ብሎ በ2020 የመሰረት ድንጋይ ጣለ፣ በ2025 የመንግስት ኃላፊው ፕሮጀክቱ የለም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። "የመሰረት ድንጋይማ እኛም ጋ ሞልቷል" አለና ቡናውን ፉት አለ።

እኔ ግን ልጁን ከኤኮን ጋር አንድ ላይ መጨፍለቁ አልተዋጠልኝም። የዛ ከተማ ስዕል ጥምዝምዝ ያሉ የመስታወት ፎቆች ነው፣ የትም ብታቆመው ያው ነው። ፊልሙ ላይ ግን ሰውዬው ሸክላውን ሳያወልቅ ነው ሱፍ ለብሶ ከንጉስ ጋር የሚመክረው፣ እኛ ጋ ለስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ አውልቅ አይባልም? በዚህ ልጁ ልክ ነው። እንዲህ የጥቁሮችን ወደፊት በፊልምና በልብወለድ ማለም የሚጠራበት አፍሮፊውቸሪዝም የሚለው ቃል ግን ራሱ በ1990ዎቹ አሜሪካ የወጣ ነው፣ ናይጄሪያ አሜሪካዊቷ ደራሲ ንነዲ ኦኮራፎር የኔ ከአሜሪካ ሳይሆን ከአፍሪካ ከራሷ የሚነሳ አፍሪካንፊውቸሪዝም ነው ብላ የተለየችው ወድዳ አይደለም፣ ከማን ቤት ሆነህ ነው የምታልመው ነው ነገሩ። እና የሹፌሩን ሀሳብ አልጥለውም፤ እኔ ብሆን የወደፊቷን ጂንካ ከመሳሌ በፊት አንዷን የሙርሲ እናት የልጅሽ ልጅ ሸክላ ታደርጋለች ወይ ብዬ ነበር የምጠይቃት። ምናልባት አይ ትላለች፣ ስዕሉ ከዛ ይጀምራላ።