ጂኦሳይንስና ዳታ ሳይንስ በአንድ ዲግሪ፦ ያዋጣል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ ለባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጂኦሳይንስንና ዳታ ሳይንስን ያጣመረ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ያስፈልጋል።

ደጋፊ፦ ዴንማርክ በ1991 ቪንደቢ ላይ 11 ተርባይኖች ስትተክል የውኃው ጥልቀት ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ብዙ ተርባይኖች ያሉት አንድ ማመንጫ ጣቢያ በመቶዎች የሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ተርባይኖቹ የሚቆሙበት አፈር መታወቅ አለበት። ከመርከብ የሚለቀቀው የድምፅ ሞገድ ከባሕሩ ወለል በታች ያለውን ንብርብር በስፋት ያሳያል፤ አፈሩን እየወጋ የሚለካው ኮን (ሾጣጣ መሣሪያ) ግን የሚናገረው ስለቆመበት ነጥብ ብቻ ነው። በነጥቦቹ መካከል ያለውን አፈር የሚገምተው የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ይህን ሞዴል ደለሉንም ስሌቱንም የሚያውቅ ሰው ይሥራው። እንዲህ ያለ ተመራቂ ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል።

ተቃዋሚ፦ «ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል!» አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ያጨበጭባሉ፤ ደመወዙ የአንድ ሰው ነዋ። በሰሜን ባሕር ያለውን ዶገር ባንክን ይመልከቱ። የጥንት የበረዶ ግግር ደለሉን ገፍቶ አጣጥፎታል፤ ንብርብሩ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል። ይህን ማንበብ ዓመታት ይፈጃል። እናንተ ግን ስታቲስቲክስን፣ ፕሮግራምን፣ ሳይዝሚክን (የከርሰ ምድር ጥናት በሞገድ) እና የአፈር ሜካኒክስን በአንድ ዲግሪ አጭቃችሁ ከሁሉም የቀመሰ፣ ከአንዱም ያልጠገበ ሰው ታስመርቃላችሁ።

ደጋፊ፦ ስለ ደመወዝ ለመከራከር አልመጣሁም። ኮኑ በየ2 ሴንቲሜትሩ ገደማ ይለካል። ዳታ ሳይንስ ብቻ የተማረው ባለሙያ ልኬቶቹን በዘፈቀደ ለሞዴሉ ማሠልጠኛና መፈተኛ ይከፍላቸዋል። የአንድ ነጥብ ጎረቤታም ልኬቶች በሁለቱም ወገን ስለሚገቡ ሞዴሉ መልሱን አይቶ ይፈተናል፤ ውጤቱም ያምራል። አንድን ነጥብ ከነሙሉ ጥልቀቱ ደብቀው ቢፈትኑት ያ ውበት ይረግፋል። ይህን የሚያስተውለው ደለል በንብርብር እንደሚተኛ የሚያውቅ ሰው ነው።

ተቃዋሚ፦ ይህ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው፤ ዲግሪ አያሻውም። ደግሞም ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ጂኦሎጂስቱ ያኔውኑ ይይዘዋል። የእርስዎ «የሁለት ሰው» ተመራቂ ሲሳሳት ማን ይይዘዋል? በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ግላውኮናይት የሚባል ማዕድን አለ። አሸዋ ይመስላል፤ ተርባይኑን የሚሸከመው ምሰሶ በመዶሻ ሲመታ ግን ፍሬው ይደቅቅና ምሰሶው አልወርድ ይላል። በሰሜን ባሕር አሸዋ የሠለጠነ ሞዴል ይህን ከየት ያውቀዋል? ሪፖርቱ ላይስ የሚፈርመው ማነው?

ደጋፊ፦ ስለ ዲግሪ ጀምረን ፊርማ ላይ እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ይሁን። የሚፈርመው ዛሬም ነገም ኃላፊነት ያለበት መሐንዲስ ነው። የኛ ተመራቂ ለመሐንዲሱ ከግምቱ ጋር የጥርጣሬውን ልክ ያቀርብለታል፤ «እዚህ ጋ ሞዴሉ አያውቅም» ይለዋል። ለልምምድ ደግሞ የኔዘርላንድስ መንግሥት የቦታ ጥናቶቹን ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ጂኦሎጂስቶቻችሁ ከዚያ ያወረዱትን ፋይል መክፈት ሲያቅታቸው ወደ ማን እንደሚሮጡ ይንገሩኝ።

ተቃዋሚ፦ ስድቡን ትቼዋለሁ። ፋይል መክፈት ይለመዳል፤ በእጁ ጭቃ ይዞ የማያውቅ ሰው ግን «እዚህ ጋ አላውቅም» የሚልበትን ቦታ ራሱ አያውቀውም። የመመረቂያ ሥራውን አንድ የአፈር ሜካኒክስና አንድ የስታቲስቲክስ መምህር፣ እያንዳንዳቸው በየሙያቸው ሙሉ ሚዛን ይመርምሩት። ሁለቱም ካሳለፉት ዲግሪውን እቀበላለሁ። እርስዎ ግን እስካሁን ማን እንደሚፈትነው አንድ ቃል አልተነፈሱም።