ከአንገት በላይ ትወና

ሰሞኑን ደሴ ላይ ለወጣት ተዋንያን የተከፈተው ሥልጠና የእንቅስቃሴውን ክፍለ ጊዜ ሰርዟል። አንዱ አዘጋጅ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ትወናን በሰውነት እንቅስቃሴ ያስተምር የነበረው የፈረንሳዊው ዣክ ሌኮክ አሠለጣጠን የፈረንጅ ሰርከስ ነው፣ የእኛ ቴአትር ግን የቃል ቴአትር ነው አሉ። ቤቱም አጨበጨበላቸው። ያውም ወሎ ላይ!

ሰርከስ? ሌኮክ ከስፖርት የመጣ ሰው ነው፤ አክሮባትም ያሠራ ነበር። ግን በ1956 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የከፈተው ትምህርት ቤት የሚጀምረው በመገለባበጥ ሳይሆን በዝምታ ነው። ኦስካር ያገኘው ጄፍሪ ራሽ የተማረው እዚያ ነው። የሚንተባተብ ንጉሥ ንግግር የሚያለማምድ ሰው ሆኖ የተጫወተበትን ፊልም ያየ ሁሉ፣ ቃል አጥሮት እንደሆነ ይፍረድ።

"የፈረንጅ ነው" የሚለውማ ጭራሽ አያስኬድም። ሩሲያዊው የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ የወረኢሉ ልጅ ነበር እንዴ? እሱን ስንሸመድድ ማንም አልከፋውም።

የእኔ ነገር ግን ጭምብሉ ላይ ነው። ሌኮክ ጣሊያን ሳለ ከቀራጺው አምሌቶ ሳርቶሪ ጋር ያበጀው የቆዳ ጭምብል አለ። አይስቅም፣ አያዝንም፣ አይቆጣም። ተማሪው ያጠልቅና ወለሉ ላይ ይተኛል። ከዚያ ዓለምን ገና ዛሬ እንዳየ ሰው ይነቃል። ሌላ ጊዜ ከባሕር ይወጣል፣ ጫካ ያቋርጣል፣ ተራራ ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል። ሁሉም በምናብ፣ ያለ ቃል። ቅንድብ መስቀል፣ ከንፈር መንከስ አያዋጣም፤ ፊቱ ተሸፍኗላ። ያኔ ጉዱ ይወጣል። ትከሻው ያለ ምክንያት ተሰቅሏል። እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ሁለት እርምጃ ከልቡ ይሄድና ሦስተኛውን ያስመስላል። መምህሩ ደግሞ "እንዲህ አድርግ" ብሎ አያሳየውም። ልክ ያልሆነውን ብቻ ይነግረዋል፤ መንገዱን ራሱ ይፈልግ።

አሁን የእኛን መድረክ እዩ። ሽማግሌ ከተባለ ሁሌም ያው ሽማግሌ ነው። ጎበጥ ይላል፣ ከዘራውን ያንቀጠቅጣል፣ ያስላል። አምባሰል ላይ ዳገቱን ከጎረምሳ ቀድሞ የሚወጣውን አባት ማን አይቶ ሠራው? ሽማግሌውን የሚጫወተው ልጅ ሠርግ ቤት ሲጨፍር ትከሻው አያርፍም። መድረክ ላይ ሲወጣ እንደ መብራት እንጨት ይገተራል። ይህን ያስተማርነው እኛ ነን። ምላሱን ስንሞርድ ወገቡን ረሳነው።

ሌኮክ ተማሪዎቹን ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ስፍራ ይልክ ነበር። ሰዉን አይተው፣ ካዩት ቴአትር እንዲሠሩ። እስቲ ልጆቹን ባቲ ሰኞ ገበያ ላኩልኝ! አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በየቋንቋው ይከራከራል፤ የክርክሩ ግማሽ የሚያልቀው ግን በእጅና በትከሻ ነው። ይሄ ነው የፈረንጅ ነገር?

ድምፅ ያስፈልጋል፤ ማን አያስፈልግም አለ? ግን ድምፅ ከትንፋሽ ነው፣ ትንፋሽም ከሰውነት። ሰውነት የሌለው ቴአትር የሬዲዮ ድራማ ነው። ለሱ ደግሞ ትኬት ቆርጬ አዳራሽ አልገባም፤ ቤቴ ተጋድሜ እሰማዋለሁ።

በተሰረዘው ሰዓት ምን ተተካ? "የንግግር ክህሎት"። ልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ይጽፋሉ።