የብላይዝበርግ መላእክት

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ ያለው የብላይዝበርግ ቤተ ክርስቲያን በር ቀን ቀን አይቆለፍም፤ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ግን አልገፋሁትም። የሚያስገባኝ ዲያቆን፣ ቢጠፋ ቢጠፋ «ምን ፈለግህ?» የሚለኝ ዘበኛ እስኪመጣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ስገባም ማንም አልነበረም። ጫማዬን ማውለቄን ያስተዋልኩት የወለሉ ቅዝቃዜ በካልሲዬ ዘልቆ ሲሰማኝ ነው።

ካሜራ ተሸክሜ የእንግሊዝን ገጠር አብያተ ክርስቲያናት መዞር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜ በማለዳ ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ በባቡር ተነስቼ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ወዳጆቼ «የባዶ ቤት ፎቶ ምን ይሠራልሃል?» ይሉኛል።

ለዚህ ሱስ ከሰፎክና ከጎረቤቷ ከኖርፎክ የሚበልጥ አገር የለም። በኖርፎክ ብቻ ከ600 በላይ የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ቆመዋል። የሚጠረብ ድንጋይ እንደ ልብ ስለማይገኝ ግድግዳቸው በአብዛኛው ባልጩት ነው፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል።

ብላይዝበርግ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በጣሪያው አግዳሚዎች ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ የእንጨት መላእክት ተደርድረዋል። ቀና ስል የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ታወሰኝ። የጎንደሮቹ መላእክት ዓይን ናቸው፤ የትም ብትቆሙ ያዩአችኋል። የእነዚህ ፊት ከታች ሆኖ አይለይም፤ የሚታየው ክንፋቸው ነው። ከመቀመጫዎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ኃጢአቶች ተቀርጸዋል፤ ስንፍና አልጋው ላይ ነው። የቅዳሴ ሰዓት ያሳለፍኩባቸውን እሑዶች አስታውሶኝ ቶሎ አለፍኩት።

እንግሊዞች የቤተ ክርስቲያን ሥዕላቸውን ያጠፉት በገዛ እጃቸው ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ግድግዳ በኖራ ለቀለቁት። በ1644 ደግሞ ዊልያም ዳውሲንግ የሚባል ሰው በፓርላማው ትእዛዝ ሰፎክን እየዞረ ምስል አሰበረ፤ የሰበረውንም በማስታወሻው መዝግቦ አቆየልን። በመላእክቱ ላይ የተገኘውን የእርሳስ ጥይት ሕዝቡ የእርሱ ሰዎች ተኩሰውት ነው ሲል ኖሯል። ይበልጥ የሚታመነው ግን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሪያው ሥር የገቡ ቁራዎችን ለመግደል የተተኮሰ መሆኑ ነው። የእነዚያ ሥዕል አጥፊዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ከኖራው ሥር ብቅ ያለችውን የቅዱስ እጅ በጥጥ ያጸዳሉ፤ መደበኛ አገልግሎት ያቆሙ ከ350 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን የሚጠብቅ ድርጅትም አላቸው።

እኛ ምስል የምንሰብር ሰዎች አይደለንም። እኛ የምናፈርሰው በፍቅር ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ለትውልድ መንደሬ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሁለት መቶ ፓውንድ ላክሁ። ጎጃም ውስጥ ያለች፣ ክብ፣ የጭቃ ግድግዳ ያላት ደብር ነበረች። አሮጌዋ ምን ትሆናለች ብዬ አልጠየቅኩም። አዲሱ ሲመረቅ አባቴ በስልክ ፎቶ አስላኩልኝ፤ ሲሚንቶ፣ ባለቀለም መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ጉልላት። ያን ጊዜ ጠየቅኩ።

«አባባ፣ የመቅደሱ ሥዕልስ?»

«ሥዕሉ ያለበት ሸማ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ አልነበረም? ግድግዳው ሲፈርስ ተቀደደ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንተ ደግሞ ለጭቃ ታዝናለህ? በልደት ሕዝቡ ውጭ በብርድ ሲያድር አላየህም?»

አይቻለሁ። እኔም ከአያቴ ነጠላ ሥር ሆኜ ውጭ ካደሩት አንዱ ነበርኩ። የብላይዝበርግን ክፍት በር ሳደንቅ ሕዝብ የማይጋፋው በር እንደሆነ እዘነጋለሁ፤ ከግፊያ የተረፈን ቤት መጠበቅ ይቀላል። ቢሆንም ሸማውን ቀስ ብሎ ለማንሳት የአንድ ቀን ሥራ በበቃ ነበር፤ እኔም በጊዜው አንድ ጥያቄ ብጠይቅ።

ኮምፒውተሬ ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ፎቶ አለ። የዚያችን ደብር ፎቶ ግን አንድም ጊዜ አላነሳሁም፤ ልጅ ሳለሁ ካሜራ አልነበረኝም፣ ካሜራ ይዤ ስመለስ ደግሞ ማስፈቀድ አፈርኩ። ዘመድ ሁሉ ዘንድ አስፈልጌ የተገኘው የእህቴ የሠርግ ፎቶ ነው። ከሙሽራዋ ትከሻ ጀርባ የቆርቆሮው ክፈፍና ግማሽ ጉልላት ይታያል። ከሰጎን እንቁላሎቹ ሦስቱ ይቆጠራሉ።