መዝገባችን ይውለድ ይክበድ

የጤና መረጃችንን የሚያማ ሰው ያናድደኛል። መቁጠር አትችሉም ይሉናል። ኧረ በስንቱ! ሌላው አገር አንዱን ሰው አንዴ ቆጥሮ ይደክመዋል። እኛ አራቴ ቆጥረንም ገና አልሞቀንም።

አንዲት ሴት አለች እንበል፤ ስሟም ፀሐይ። ሰፈሯ ካለው ጤና ጣቢያ ተመረመረችና ኤች አይ ቪ በደሟ ተገኘ። አንድ በሉ። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ነው፤ እዚያው መጀመር ትችል ነበር። ግን ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ የእድር ጎረቤቷን አየች። ነጠላዋን ተከናንባ ሹልክ። በታክሲ ሁለት ሰፈር አልፋ ሌላ ጤና ጣቢያ ገባች።

«ከዚህ በፊት ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ምን ትበል? እኔም ብሆን ያንኑ ነው የምለው። ሁለት። መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ውጤቱ ይረጋገጥ ተብሎ በድጋሚ ተመረመረች፤ ያም እንደ አዲስ ተጻፈ። ሦስት። ከዚያ ሥራ አግኝታ ክፍለ ሀገር ወረደች፣ የዝውውር ወረቀት ሳትይዝ። አራት።

የካርድ ክፍሉን ጥበብ ግን ሳላደንቅ አላልፍም። «ፀ» ሁለት ዓይነት ነው፣ «ሐ» ከነዘመዶቹ ስድስት። ስታባዙት ፀሐይ በአሥራ ሁለት መልክ ትጻፋለች። ለኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ የአባት ስም ገና አልተነካም። የትውልድ ዘመኗን 1980 አለች። አንዱ እንዳለ 1980 ጻፈ። ሌላው ወደ ፈረንጅ ቀይሮ 1988 አደረገው። ሦስተኛው ቀና ብሎ ፊቷን አየና ዕድሜ በሚለው ቦታ «30» ብሎ ጻፈላት። እግዜር ይስጠው!

ፋይዳ መታወቂያ መጣ ሲባል፣ ይሄ ሁሉ በረከት ሊቀርብን ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። በከንቱ። ከጎረቤቱ ተደብቆ ለመጣ ሰው መታወቂያ አምጣ ማለት ደግ አይደለም።

የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ቀጠሮዋን ጠብቆ ጠብቆ «ሕክምና ሳትጀምር የጠፋች» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። «አቋርጣ የጠፋች» አለ። ይኸውላችሁ፣ አንዲት ሴት አራት ጊዜ ተገኝታ ሁለት ጊዜ ጠፋች። እሷ እዚያ ክፍለ ሀገር ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ክኒኗን ትውጣለች። አንድ ቀን አላሳለፈችም።

ግምገማው ላይ ግን ድምቀቱ ሌላ ነው። አዲስ የተገኙ፣ ከዕቅድ በላይ! ጭብጨባ። የጠፉት ብዛት ሲነበብ ደግሞ የሁሉም ዓይን ወደ ቆሎው ይዞራል። አንዱ እጁን አውጥቶ «ስሞቹን ከሌሎቹ ጤና ጣቢያዎች ጋር ብናመሳክርስ?» ቢል፣ መልሱ ጥያቄ ነው፤ «አበል አለው?»

አንድ የማውቀው የመረጃ ሠራተኛ ግን ያለ አበል አመሳከረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምሳ ሰዓቱ እየቀነሰ፣ በእርሳስና በማስመሪያ፣ የስልክ ቁጥርና የእናት ስም እያስተያየ ድግግሞሹን አወጣ። የወሩ ሪፖርት ቀጭን ሆኖ ሄደ። ከበላይ ደብዳቤ ለመምጣት ሳምንት አልፈጀበትም፤ «ቁጥሩ ለምን እንደቀነሰ በጽሑፍ ይብራራ» የሚል።

ደብዳቤው ሁለቴ ነው የደረሰው። አንዱ ላይ ስሙ በሀሌታው «ሀ»፣ ሌላው ላይ በሐመሩ «ሐ»።