የፖርተር አደባባይ ቀይ ክንፎች

የምኖረው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ነው። የምመላለሰው በፖርተር የባቡር ጣቢያ በኩል ነው። ጣቢያው ከመሬት በታች 30 ሜትር ያህል ጠልቆ የተሠራ ነው። ማታ ደክሞኝ ከዚያ ሁሉ ጥልቀት ብቅ ስል ሦስት ትልልቅ ቀይ ክንፎች ይቀበሉኛል። 14 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ቀስ ብለው ይዞራሉ። ሞተር የላቸውም። የሚያዞራቸው ነፋስ ብቻ ነው።

ቅርጹ «የነፋስ ስጦታ» ይባላል። የሠሩት ጃፓናዊው ቀራጺ ሱሱሙ ሺንጉ ናቸው።

ሺንጉ በ1937 ኦሳካ ተወለዱ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቶኪዮ የተማሩት የዘይት ቀለም ሥዕል ነበር። በ1960 ወደ ሮም ሄዱና ስድስት ዓመት እዚያው ቆዩ። አንድ ቀን ሥራቸውን ፎቶ ለማንሳት ውጭ ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ነፋስ መጣና አወዛወዘው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት ከነፋስና ከውሃ ጋር ነው።

እኔን በጣም የነካኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ የመርከብ ግንባታ ኩባንያ ባለቤት ኦሳካ በሚገኘው ግቢያቸው ውስጥ መሥሪያ ቦታ ሰጧቸው። እስቲ አስቡት! ሥዕል የተማረ ወጣት ብረት ሲቆርጡና ሲበይዱ ከሚውሉ ሰዎች መሃል ገባ። ያ በር ባይከፈትላቸው ኖሮ ሐሳቡ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፋ። በ1994 በተከፈተው የጃፓን ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ በነደፈው ረጅም ጣሪያ ሥር፣ በዓይን የማይታየውን የአየር ፍሰት እየተከተሉ የሚንሳፈፉ ሥራዎች ሰቀሉ። በ2000 እና በ2001 ደግሞ ሸራ የለበሱ 21 ሥራዎችን ይዘው ዓለምን ዞሩ። ሸራዎቹ ከጃፓን የሩዝ ማሳ ተነሥተው ኒውዚላንድ ደሴት ላይ፣ ፊንላንድ በረዶ ላይ፣ ሞንጎሊያ ሜዳ ላይ፣ ብራዚል አሸዋ ላይ ተተከሉ። ከአፍሪካ ያረፉት ሞሮኮ ነው።

አዲስ አበባን ሳስብ አደባባይ ላይ የቆመው ብረትና ድንጋይ በአብዛኛው ሐውልት ነው። ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ የየካቲት 12 ሰማዕታት። ሁሉም ይገባቸዋል። ሳያቸው አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመ ልጅ ዝም ብሎ የሚጫወትለት ነገርም ያምረኛል። ታሪክ ሳያውቅ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ቀና ብሎ የሚያየው።

እጅ ጠፍቶ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚያወጡ ሰዎች አሉን። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ልጆች ያስመርቃል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ቢውሉ ምን ይወለድ ነበር? ቦታ ያለው ባለሀብት፣ ትልቅ ጋራዥ ያለው ሰው፣ ለአንድ ቀራጺ አንድ ጥግ ቢለቅ ምን ይጎድልበታል? ነፋሱ እንደሆነ እንጦጦ ላይ ሞልቷል።

ባለፈው መኸር እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ገበሬ ቤት ነው ያደገችው። ከጣቢያው ስንወጣ ነጠላዋን ነፋስ ገፈፋት። እሷ ግን ነጠላዋን ትታ ክንፎቹን ታይ ጀመር። ቆመች። ብርድ ነው እንሂድ ብላት እንቢ አለች።

«ምንድነው የሚሠራው?» አለችኝ።

«ምንም። ነፋስ ሲመጣ ይዞራል።»

ትንሽ ዝም አለች። «አባቴ ይሄ ቢኖረው» አለች። «አውድማ ላይ ላይዳውን ይዞ ነፋስ ሲጠብቅ ይውል ነበር። አቅጣጫውን የሚያውቀው ጭድ ወደ ላይ በትኖ ነው።» ከዚያ በእጇ ወደ ክንፎቹ አሳየችኝ። «አሁን ከዚያ በኩል ነው። ለማዝራት ደኅና ነው።»