ይድረስ ለክቡር የባቡር የጊዜ ሰሌዳ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ 4 ደቂቃ ከመዘግየቴ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከከተማው ዳርቻ፣ ከአጥርዎ ውጭ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አያትዎ መሀል ከተማ ለገሃር ድረስ ይመጣልን ነበር፤ እርስዎ ግን ጸጥታ ስለሚወዱ ታክሲ ወደማይደርስበት ሜዳ ወጥተዋል። ቲኬት ለመቁረጥ የቆምኩትን ወረፋና «ሲስተም የለም» የተባልኩበትን ቀን አላነሣም።

ዛሬ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ፣ ከቲኬቱ የማይተናነስ ሒሳብ ለኮንትራት ታክሲ ከፍዬ ስደርስ፣ የመግቢያው በር ከተዘጋ 4 ደቂቃ ሆኖት ነበር። ጥበቃው የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። በአገራችን ሰዓት የሚከበርበት አንድ ቦታ በመገኘቱ ልቤ በኩራት ተሞላ። ኩራቴ የቆየው ግን በሽቦው አጥር በኩል ባቡሩን እስካየው ድረስ ነው። የመነሻው ሰዓት ደረሰ፤ ባቡሩ ቆሟል። ሰዓቱ አለፈ፤ አሁንም ቆሟል። የተሳፈሩት በመስኮት፣ እኛ በሽቦ 50 ደቂቃ ሙሉ ተያየን። አንድ ሕፃን እጁን አውለበለበልኝ፣ እኔም አውለበለብኩለት፤ በመጨረሻ ሰልችቶት ተኛ። ምክንያቱን ስጠይቅ «ከፊት የጭነት ባቡር አለ» ተባልኩ።

ሥራዎ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለመንገደኛው በሰዓት 120፣ ለጭነቱ 80 ኪሎ ሜትር ተብሎ በተሠራ ሐዲድ ላይ ፈጣኑ ዘገምተኛውን እንደ ሚኒባስ በቀኝ በኩል ሾልኮ ሊያልፈው አይችልም። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ቢሆንም ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ስለሆነ፣ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው፤ አንዱ ከዘገየ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ዘግይቶ የገባውም ባቡር ተመልሶ የሚሄደው ራሱ ከሆነ የዛሬው ዕዳ ለነገ ይሻገራል። ለዚህም ነው ዐዋቂ ዕቅድ አውጪ በየመካከሉ ትርፍ ደቂቃዎች የሚያስቀምጠው። ከእነዚያ ውስጥ 4ቱ ለእኔ ቢደርሱኝ ምን ይጎድልብዎ ነበር?

የእኔስ ይሁን። አጠገቤ ለወንድማቸው የአርባ ቀን ተዝካር ለመድረስ የመጡ እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ባቡሩ እንደሆነ አልሄደ» እያሉ ጥበቃውን ለመኑት፤ ቀና ብሎ ያያቸውም የለም። በዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። የቆመ ባቡር እያሳዩ አሮጊት ሴት ደጅ ላይ ማስለቀስ የዕቅድ ውስብስብነት አይደለም፤ ንቀት ነው። በር ለመክፈት ጥንድ ሐዲድ አያስፈልግም።

ባቡሩ ጡሩምባውን ነፍቶ ከሄደ በኋላ ቲኬቴን ለማስቀየር ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የዘገየሁት እኔ ስለሆንኩ ማመልከቻ እንድጽፍና የመታወቂያ ኮፒ እንዳያይዝ ተነግሮኝ ሁለቱንም ይዤ እየጠበቅሁ ነው። ማመልከቻ የሚቀበሉት ሰው ገና አልገቡም።

አክባሪዎ፣
የ4 ደቂቃው መንገደኛ